የሶላር ባትሪ የቻርጅ ንባብ ሲሳሳት ምን ማድረግ ይገባል?

በሶላር ኃይል የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ ካለዎት ይህ ነገር ሳያጋጥምዎት አይቀርም። ማታ 12 ሰዓት ላይ የቻርጅ መቆጣጠሪያው 100 ፐርሰንት ያሳያል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን መፈልፈያው ጠፍቶ ይገኛል። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ለረጅም ሰዓት ከቀዘቀዘ የሦስት ሳምንት ልፋት መና ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ “ባትሪው ሞቷል” ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሳል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የተበላሸው ባትሪው ይሁን ንባቡ ይለዩ።

መቆጣጠሪያው ፐርሰንቱን ከየት ያመጣዋል?

በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት መቆጣጠሪያዎች ባትሪው ውስጥ የገባውንና የወጣውን ኃይል አይቆጥሩም። ቮልቴጁን ብቻ ለክተው ፐርሰንቱን ይገምታሉ። ቮልቴጅ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል። ፀሐይ እየሞላችው ያለ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገና ሳይሞላ ከ14 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ማሞቂያው ወይም ፓምፑ ሲነሳ ወዲያው ይወርዳል፤ ሲጠፋ መልሶ ይወጣል። በዚህ ሰዓት የሚታየውን ፐርሰንት ማመን ኩንታሉን በእጅ ተጭኖ ሚዛን እንደማንበብ ነው።

ስለዚህ ባትሪውን አሳርፈው ይለኩ። እንቁላል ባልገባበት ሳምንት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሁሉንም ጭነት ያጥፉና ባትሪውን ሌሊቱን ያሳድሩት። ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በራሱ በባትሪው ጫፍ ላይ ይለኩ። በአሲድ ለሚሠራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ማለት ነው፤ 11.8 ከሆነ ባዶ ሆኗል። ይህን ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች እያወረዱ መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሽቦውን አይርሱ

ቀጥሎ መፈልፈያው በርቶ እያለ የባትሪውን ጫፍ በቴስተር ይለኩና መቆጣጠሪያው በዚያው ቅጽበት ከሚያሳየው ቮልቴጅ ጋር ያስተያዩ። ጭነት ከሌለ ልዩነቱ ስለማይታይ ማብራቱ ግዴታ ነው። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፦ የላላ ብሎን፣ ጫፉ ላይ የያዘ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት፣ ወይም ቀጭንና ረጅም ሽቦ። ይህ ጉዳት ቀን ቀን ይብሳል። መቆጣጠሪያው በሽቦው ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ የባትሪው አድርጎ ስለሚያነብ “ሞልቷል” ብሎ ቻርጁን ቀድሞ ይቀንሳል። ባትሪው ዘወትር ሳይሞላ እያደረ በእርግጥም ይሞታል።

ለማጽዳት መጀመሪያ ፓኔሉን ከመቆጣጠሪያው ይንቀሉ፤ ከዚያ ከባትሪው የኔጌቲቩን ሽቦ አስቀድመው ይፍቱ። በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ያድርቁ፣ አጥብቀው ይሰሩና ግሪስ ይቀቡ። ሲመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል፤ ፓኔሉ ከባትሪው በኋላ ይገናኛል። ቁልፉ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጊዜ እንዳይነካ፣ ሻማና ሲጋራም አጠገቡ እንዳይደርስ። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

መቆጣጠሪያው ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለ ከእርስዎ ባትሪ ጋር መስማማቱን ይዩ። በጄል ባትሪ ላይ የሊቲየም ከተመረጠ ንባቡም አሞላሉም ይሳሳታል።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ባትሪው ካረጀስ?

ግማሹ በድንጋይ የተሞላ ጎተራ አፉ ድረስ ሞልቶ ቢታይም እህሉ ግማሽ ነው። ያረጀ ባትሪም እንዲሁ 12.7 ቮልት እያሳየ የሚይዘው ኃይል ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ቴስተር ብቻውን አይነግርዎትም፤ በሥራ መፈተን ያስፈልጋል። 100 አምፒር ሰዓት የተጻፈበትን ሙሉ ባትሪ 36 ዋት በሚወስድ አምፖል ላይ ያብሩት። አምፖሉ 3 አምፒር ያህል ስለሚስብ፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ግማሽ እስኪደርስ 16 ሰዓት አካባቢ ይቆያል። በ8 ሰዓት አጥፍተው፣ አሳርፈው ሲለኩ 12.2 ከሆነ የቀረው አቅም የተጻፈው ግማሽ ነው። እንዲህ ያለውን ለቤት መብራት ያውሉት፤ እንቁላል ግን አያስገቡበት።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውስጥ ያሉት ሳህኖች በፈሳሽ መሸፈናቸውን ይመልከቱ። ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨምሩ፤ የምንጭም የቧንቧም ውኃ አይሆንም።

ሊቲየም ለገዛችሁ

የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በአብዛኛው የአቅሙ ክልል 13.2 ቮልት አካባቢ ላይ ስለሚቆይ፣ ከላይ ያለው የቮልቴጅ ልኬት አይሠራበትም። ለዚህ የሚያገለግለው የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር መለኪያ ነው። ቆጣሪውም ቢሆን ቀስ በቀስ ስለሚስት አልፎ አልፎ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከ100 እንዲጀምር ማድረግ ይገባል። የባትሪው አምፒር ሰዓት በትክክል መመዝገቡንም ያረጋግጡ። በመጨረሻ የኔጌቲቭ ሽቦዎቹን ይከታተሉ፦ ሁሉም በቆጣሪው በኩል ማለፍ አለባቸው። አንድ አምፖል በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከታሰረ፣ እሱ የሚበላውን ቆጣሪው አያየውም።