ቤት አልባውና ቤተ መጻሕፍቱ

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች መሃል በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ በጠዋት ብትቆሙ፣ በሩ ገና ሳይከፈት የሚጠብቁ ሰዎች ታያላችሁ። ሻንጣ የሚጎትት አለ፤ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ የያዘ አለ። ከመካከላቸው ሌሊቱን ጎዳና ላይ ወይም መጠለያ ውስጥ ያሳለፉ ብዙ ናቸው። ይህን ያህል የሚጠብቁት መጽሐፍ ሊዋሱ ነው? አንዳንዶቹ አዎ። ነገሩ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል፤ ደግሞም ደስ የሚል ነገር ስላለው ላጫውታችሁ።

ከምክንያቱ እንጀምር። ብዙ መጠለያዎች ያሳድራሉ እንጂ አያውሉም፤ ሲነጋ ያስወጣሉ። ታዲያ እስከ ማታ የት ይዋላል? ካፌ ለመቀመጥ ቢያንስ ቡና ማዘዝ ያስፈልጋል። መናፈሻው ብርድና ዝናብ አለበት። የገበያ አዳራሹ ጥበቃ ገና ሲያይህ ፊቱ ይለወጣል። ቤተ መጻሕፍት ግን መግቢያው ነጻ ነው፣ በሩ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ሽንት ቤትና ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት አለው። ከሁሉ በላይ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አለው። ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት፤ በዚያ አገር የሥራ ማመልከቻውም፣ የመንግሥት ድጎማ ቅጹም፣ የርካሽ ቤት ምዝገባውም አሁን በአብዛኛው በኢንተርኔት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በተደረገው የአንድ ሌሊት ቆጠራ በመላ አሜሪካ 771,480 ሰዎች ቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ለብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍቱ መዋያም፣ ቢሮም፣ ፖስታ ቤትም ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው ይግባ ከተባለ፣ አንባቢው ሲረበሽስ? ሽታ ሲከብድስ? ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል።

በኒው ጀርሲ ግዛት በምትገኘው ሞሪስታውን ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በ1989 የተገልጋዮች ደንብ አወጣ። አንድ ቤት አልባ ሰው ደንቡ እኔን ለማባረር የተሰፋ ነው ብሎ ከሰሰና በ1991 ረታ። በ1992 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ልብ በሉ፣ ሲሽረውም ትልቅ ነገር ተናግሯል። መረጃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን መጠቀምም ከዚያው መብት ይመነጫል አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ የንባብ ቦታነቱን የሚጠብቅ ምክንያታዊ ደንብ ሊያወጣ ይችላል አለ።

በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። እዚያ የነበረው ደንብ ገጽታው የማያምር ሰው እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ማን ነው የማያምር? የሚወስነው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነበር። በ1993 ከበሩ የተመለሰ አንድ ቤት አልባ ሰው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2001 ደንቡ ግልጽነት የጎደለው ነው ብሎ ጣለው።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ስታዩአቸው አንድ መርሕ ታገኛላችሁ፤ ደንቡ የሚለካው ሰውየው የሚያደርገውን እንጂ ማንነቱን አይደለም። የሚጮህ ባለጸጋ ይወጣል፤ ዝም ብሎ ጋዜጣ የሚያነብ ቤት አልባ ይቀመጣል።

መቀመጥ ግን በቂ ነው? የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት አይደለም ብሎ በ2009 ከከተማው ጤና መምሪያ ጋር በመተባበር ሊያ ኤስጌራ የምትባል ባለሙያ ቀጠረ። በአሜሪካ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሙሉ ጊዜ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሶሻል ወርከር ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። ሥራዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ አይደለም። በየፎቁ እየተዘዋወረች ሰላምታ ትሰጣለች፣ ታወራለች፤ ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ መኝታ፣ ሕክምና፣ የአእምሮ ጤና ክትትል ወደሚያገኝበት ትመራዋለች።

እኔን የበለጠ የማረከኝ ግን ረዳቶቿ ናቸው፤ ራሳቸው የጎዳናን ኑሮ የቀመሱ ሰዎች ተቀጠሩላት። ለምሳሌ አንድ ሰው በሽንት ቤቱ መታጠቢያ ገላውን ሲታጠብ ቢያገኙት ጥበቃ አይጠሩም። እዚህ አይቻልም፣ ሻወር የምታገኘው ግን እዚያ ነው ብለው አድራሻውን ይሰጡታል። ደንቡም ይከበራል፣ ሰውየውም አይዋረድም። እንዲያውም በ2014 ሥራ የጀመረው ላቫ ሜ የተባለ ድርጅት አሮጌ አውቶቡስን ወደ ሻወር ቤት ለውጦ እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያቆም ነበር።

ሐሳቡ በሌሎችም ከተሞች ተሰራጨ። ዴንቨር በ2015፣ ዋሽንግተን በ2014 የየራሳቸውን ሶሻል ወርከር ቀጠሩ። በ2017 የዴንቨር ሠራተኞች ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ የወሰደን ሰው ከሞት የሚመልሰውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት መያዝ ጀመሩ። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2019 ዘግይቶ ለተመለሰ መጽሐፍ የሚከፈለውን ቅጣት አነሳ፤ ቅጣቱ ካርዳቸውን እያዘጋ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚያርቀው በተለይ ድሆችን ነበርና። መኖሪያ አድራሻ ለሌለውም ጥቂት መጻሕፍት ለመዋስ የሚያስችል ካርድ የሚሰጡ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። መጻሕፍት ሊያደራጅ የተማረ ሠራተኛ ጠብ ሲያበርድና ራሱን የሳተ ሰው ሲያነሳ መዋል ያደክመዋል። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆችም ቅሬታ ያቀርባሉ፤ ቅሬታቸው ሁሌ ከንቀት የመጣ አይደለም። ሶሻል ወርከሯም ብትሆን ከተማው የሌለውን አልጋ ከየትም አታመጣም። ማታ በሩ ሲዘጋ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ቤት አልባነትን የሚፈታው ቤት ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መጠበቅ ግፍ ነው።

ያም ሆኖ የሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ድሮም ሥራው የመጣውን ሰው ማንነቱን ሳይጠይቅ ከሚፈልገው መረጃ ጋር ማገናኘት ነበር። መኝታ የት አገኛለሁ የሚለውም ከሌላው ጥያቄ እኩል መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገችው የመላሹን ዓይነት መጨመር ብቻ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል። በመሃል ከተማ ጂ ስትሪት ላይ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ታድሶ በ2020 ተከፍቷል። ከተማዋ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከወገን መካከል ሥራው ወይም ትዳሩ ፈርሶ፣ ሰው እንዳያውቅበት ብሎ መኪናው ውስጥ የሚያድር ካወቃችሁ ይህን ንገሩት። በሩ ላይ ማንም ለምን መጣህ አይለውም።