ለመንገደኛ ስለምትመች ትንሽ ላፕቶፕ

ከአንበሳሜ ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ለሥራ የሚመላለስ ሰው፥ ከስንቁና ከልብሱ በላይ የሚጨምረውን ሸክም አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል። ስለዚህ ትንሽ ላፕቶፕ ይዘው በዚህ መንገድ የሚመላለሱትን ሁለት ባልንጀሮቻችንን አሳባቸውን ጠየቅናቸው።

አንደኛው ቅለቷን ያመሰግናል፤ በአውቶቡስ ሲሄድ ከጭኑ ላይ አያወርዳትም። ሁለተኛው ግን ቁልፎቿ ጠባብ ስለ ሆኑ ረዥም ጽሕፈት ጣት ያደክማል ይላል። የሁለቱም ቃል እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም. የታይዋኑ አሱስ ኩባንያ ያወጣው ኢ ፒሲ ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም ነበር፤ ነገር ግን ስክሪኑ 7 ኢንች፥ ቁልፎቹም ጠባብ ነበሩ። በዚያው ዓመት አፕል ያወጣው ማክቡክ ኤር 1.36 ኪሎ ሲመዝን፥ ቁልፎቹ እንደ ትልልቆቹ ሰፊ ነበሩ። እንግዲህ ጥቂት ክብደት ቢጨመር ለጣትና ለዓይን ዕረፍት ይሆናል።

እኛም የደረሰብንን እንናገር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባትሪው ስላለቀ፥ ለማግስቱ ቀጠሮ ያሰናዳነውን ጽሑፍ በኩራዝ ብርሃን ከትዝታችን እንደገና በእጃችን ጻፍነው። የተዘነጋንም ነገር ነበር።

ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ገጽ ይጻፍባት፤ ባትሪዋም ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ይጠይቅ። ቀላል ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚቀል ለሌባም ይቀላልና፥ የጽሑፉን ቅጂ በፍላሽ አድርጎ በቤቱ ያኑር። የቤት እመቤትም ስንቅ ስታሰናዳ ባትሪው መሙላቱን ብታስታውሰው፥ መንገደኛውን ከብዙ ድካም ታድነዋለች።