ሁለት ጊዜ የተፈለሰፈ መሣሪያ

በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኦዴሳ ከተማ፣ በእህልና ዱቄት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ያኮቭ ታውቢን የሚባል ሰው ነበር። ተቋሙ የሚያስተምረው ስለ ስንዴ፣ ስለ ወፍጮና ስለ ወንፊት ነው። የዚህ ተማሪ ሐሳብ ግን ሌላ ነገር ላይ አድሯል። መትረየስ ጥይት እንደሚያዘንብ ሁሉ ቦምብ የሚያዘንብ መሣሪያ ለምን አይኖርም?

ጥያቄው ከችግር የተወለደ ነበር። ጎበዝ ክንድ ያለው ወታደር የእጅ ቦምብ ቢወረውር ከ30 እስከ 40 ሜትር ቢሄድለት ነው። ጠላቱ ግን 500 ሜትር ርቆ ምሽግ ውስጥ ተቀምጧል። የጠመንጃና የመትረየስ ጥይት መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያደፈጠን ወይም ከጉብታ ጀርባ የተኛን ሰው አያገኝም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኘው ከላይ የሚወርድ ነገር ብቻ ነው። መድፍ ይህን ያደርጋል። ሆኖም መድፉ ከኋላ፣ በሌላ አዛዥ እጅ ነው፤ እስኪጠየቅ፣ እስኪታዘዝና እስኪያነጣጥር ድረስ የግንባሩ ወታደር ያልቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን ክፍተት በአራት ዓመት የምሽግ ውጊያ አሳይቶ ነበር። የሶቪየት ኅብረት ቀይ ጦር በበኩሉ ያገኘው መልስ በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም፣ በነዳፊው ስም ዲያኮኖቭ የሚባል መወርወሪያ ነው። ስፋቷ 40 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቦምብ ይተኩሳል። ቦምቧ ከክንድ ውርወራ እጅግ ርቃ ትሄዳለች፤ ነገር ግን አንዷ ተተኩሳ ሌላዋ እስክትጎርስ ድረስ ጠላት ጎንበስ ብሎ ቦታ ይቀይራል።

ታውቢን አዲስ ቦምብ ልፍጠር አላለም። በመጋዘን ተከምራ ያለችውን የዲያኮኖቭን ቦምብ ወሰደና እሷኑ በተከታታይ የሚተኩስ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ። ለእኔ የሰውየው ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ያልነበረ ነገር ለመፍጠር ያለውን ተጠቀመ። ከዓመታት በኋላ ሞስኮ ገብቶ፣ ኦኬቢ-16 በሚል መጠሪያ የታወቀውን የንድፍ ቢሮ መራ። ቢሮው ውስጥ ከእሱ ጋር ከሠሩት ወጣት መሐንዲሶች አንዱ በ1912 እዚያው ኦዴሳ የተወለደው አሌክሳንደር ኑደልማን ነበር። ይህን ስም አንባቢ ያቆይልኝ።

በ1938 መሣሪያው ዲኒፐር ወንዝ ላይ፣ በዲኒፐር የጦር ጀልባዎች ክፍል አንዲት ብረት ለበስ ጀልባ ላይ ተጠምዶ ተፈተነ። ጀልባዋ መልህቋን ጥላ ቆማም ስትጓዝም ተኮሱበት። መርማሪዎቹ የጻፉት መደምደሚያ ለማንኛውም ነዳፊ ሠርግና ምላሽ የሚሆን ነው። መሣሪያው ሳይደናቀፍ ሠርቷል፤ ድምፁ ዝቅተኛ በመሆኑና የእሳት ብልጭታ ስለሌለው የተኳሹን ቦታ አያጋልጥም፤ ቦምቡ ውሃ ላይም ሆነ መሬት ላይ ሲያርፍ ይፈነዳል። በ1939 መጀመሪያ የባሕር ኃይሉ ውል ተፈራረመ። ብዙም ሳይቆይ ውሉ ፈረሰ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በዚያው በ1938 ቀይ ጦር ለእግረኛ ሻምበሎች የሚሆን 50 ሚሊሜትር ትንሽ ሞርታር ተቀብሎ ነበር። ሞርታር ቱቦ፣ መደገፊያና መቆሚያ ነው፤ ተራ ፋብሪካ ያመርተዋል፤ ገበሬ የነበረ ምልምል በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። የታውቢን መሣሪያ ግን የሚንቀሳቀሱ ብዙ ክፍሎች ያሉት፣ በጥንቃቄ የሚሠራና ውድ ነበር። ሹማምንቱ ሁለቱን ለአንድ ሥራ የተፎካከሩ አድርገው አዩና ርካሹን መረጡ። ምርጫው ሞኝነት ነው አልልም፤ ስሌቱ የሚገባ ስሌት ነው። ስህተታቸው ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ሥራ እንደማይሠሩ አለመገንዘባቸው ነው። ያች ትንሽ ሞርታር ጦርነቱ ሲመጣ አቅሟ አነስተኛ፣ ርቀቷም አጭር ሆና ተገኘችና ጦርነቱ ሳያልቅ ምርቷ ቆመ።

ታውቢን ይህን ለማየት አልታደለም። ቢሮው ፊቱን ወደ አውሮፕላን መድፍና መትረየስ አዙሮ ነበር። ሥራው ተጓተተ፤ አለቆቹ ጀርመን በር ላይ በቆመችበት ሰዓት መዘግየትን እንደ ክህደት ቆጠሩት። በግንቦት 1941 ታሰረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኦዴሳ በጠላት እጅ ወደቀች፤ የጀርመን ጦርም ወደ ሞስኮ ተጠጋ። ጥቅምት 28 ቀን ታውቢን፣ ስመ ጥር ከነበሩ የሶቪየት ጄኔራሎች ጋር፣ ዛሬ ሳማራ በምትባለው በኩይቢሼቭ አቅራቢያ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተረሸነ። አገር በመሣሪያ እጥረት በምትጮህበት ወር መሣሪያ ነዳፊዋን ገደለች። ይህን ያደረገውን ሥርዓት የሚያስተባብል ምንም ምክንያት የለም።

ሐሳቡ ግን ሌላ መንገድ አገኘ፤ ያውም በሌላ አገር።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር ከኮሪያ ተመልሶ ያንኑ የቆየ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቅ ነበር። ከእጅ ቦምብ በላይ፣ ከሞርታር በታች ያለውን ርቀት ማን ይሸፍነው? እንቆቅልሹ ግፊቱ ላይ ነው። ከባድ ነገር በትከሻ ይዞ ለመተኮስ ቢሞከር የባሩዱ ግፊት ተኳሹን ይሰብረዋል፤ ግፊቱን ለመቻል ብረቱ ቢወፍር ደግሞ ወታደሩ አይሸከመውም። መፍቻው ከጀርመን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ ራይንሜታል የተባለው ኩባንያ ባሩዱ በጠባብና በጠንካራ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ፣ ጋዙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ሰፊ ክፍል እየወጣ ተተኳሹን በለዘብታ የሚገፋበትን ስልት ፈልስፎ ነበር። ከግድብ የተለቀቀ ውሃ በጠባብ ቦይ አልፎ እርሻው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ እንደሚበርድ ነው። በዚህ ስልት 40 ሚሊሜትር ቦምብ የሚተኩሰው ኤም 79 ተሠራና በ1961 ለወታደሩ ተሰጠ። አጭር ወፍራም ጠመንጃ ይመስላል፤ 400 ሜትር ገደማ ይልካል። ችግሩ የዲያኮኖቭ ችግር ነው፤ አንድ ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ እንደገና ማጉረስ።

ቬትናም ይህን ችግር አጋነነችው። የሜኮንግ ወንዝ ደልታ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ትንንሽ ጀልባዎች በጠባብ ቦዮች ሲያልፉ ከጥቅጥቅ ደን ተኩስ ይወርድባቸዋል። የተኮሰው አይታይም፤ ያለው ከግንድና ከአፈር ክምር ጀርባ ነው። በዚህ ጊዜ ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ ያቀረበው መሣሪያ ሲታይ ያስገርማል። ማርክ 18 ይባላል፤ በዝናር የተሰካኩ የኤም 79 ቦምቦችን ይተኩሳል፤ የሚሠራው ግን እንደ ሥጋ መፍጫ በእጅ በሚዞር እጀታ ነው። መርከበኛው እጀታውን ሲያዞር ቦምቦቹ እየተከታተሉ ደኑ ውስጥ ይወርዳሉ። ርቀቱ አጭር፣ አሠራሩም ጥንታዊ ቢመስልም መርከበኞቹ ወደዱት፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የጎደላቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ የቀረው መንገድ አጭር ነው። የጦር ሄሊኮፕተር ላይ ለሚገጠም አስወንጫፊ የበለጠ ፍጥነት ያለው 40 ሚሊሜትር ቦምብ ተሠርቶ ስለነበር፣ ባሕር ኃይሉ በ1966 ሉዊቪል በሚገኘው የመሣሪያ ጣቢያው ለዚያ ቦምብ የሚሆን፣ በራሱ ኃይል የሚጎርስና የሚተኩስ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ። ማርክ 19 የተባለው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አስቸጋሪዎች ነበሩ፤ እየተሻሻለ ሄዶ በ1980ዎቹ የምድር ጦሩም ተቀበለው። ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ ነው፤ በደቂቃ ከ300 በላይ ቦምቦች በሚሆን ፍጥነት ይተኩሳል፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይልካል። አንዷ ቦምብ ባረፈችበት በ5 ሜትር ዙሪያ ያለን ሰው ትገድላለች፤ በ15 ሜትር ያለውን ታቆስላለች። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ከእያንዳንዱ ሜትር ጀርባ ሰው እንዳለ አንርሳ።

አንድ ቀን በዲኒፐር፣ ሌላ ቀን በሜኮንግ፤ ሁለቱም ጊዜ መሣሪያው እውነተኛ ቦታውን ያገኘው ወንዝ ላይ፣ ጀልባ ላይ ነው። ነገሩ የአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ጀልባ ክብደቱንና የቦምቡን ክምር ይሸከማል፤ ጠላቱም ዳር ላይ ተሸሽጓል። ታውቢን ያየውን የሜኮንግ መርከበኞች መከራ አስተማራቸው።

ሶቪየት ኅብረት ወደዚህ ሐሳብ የተመለሰችው በ1960ዎቹ ነው። ሥራው የተሰጠው ለዚያው ለኦኬቢ-16 ነበር። የቢሮው መሪ ደግሞ ቀደም ሲል ስሙን ያቆየነው ኑደልማን ነው። በዚያን ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን መድፎች በመሥራት ስሙ የገነነ፣ አለቃው ሲታሰር ግን ወጣት የነበረ ሰው። ታውቢን በ1955 ከወንጀል ነፃ ተብሎ ስለነበር ስሙን መጥራት ከእንግዲህ አያስፈራም። በ1971 ጦሩ የተቀበለው 30 ሚሊሜትር መሣሪያ ኤጂኤስ-17 ይባላል፤ በሩሲያኛ ቅጽል ስሙ «ፕላምያ»፣ ነበልባል ማለት ነው። መሣሪያው 18 ኪሎ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያው 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከበሮ በሚመስል ካዝና ውስጥ 29 ቦምቦች በዝናር ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ 1,700 ሜትር ይልካል።

ዋጋው የታወቀው በአፍጋኒስታን ተራሮች ነው። እዚያ ጠላት ሁልጊዜ ከሸንተረር ጀርባ ነው። ሁለት ሦስት ወታደሮች ተሸክመውት ጠመዝማዛ አቀበት ይወጣሉ፤ አፈሙዙን ቀና አድርገው ማዶ ያለውን ሸለቆ ይመታሉ። መድፍ እስኪደርስ መለመን ቀረ። ቻይና፣ ጀርመንና ሌሎችም የራሳቸውን ሠሩ፤ ዛሬ ይህ ዓይነት መሣሪያ የሌለው ሠራዊት ጥቂት ነው።

በዩክሬን ጦርነት ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። ተኳሹ ዒላማውን አያይም፤ ከዛፎች ጀርባ ተቀምጧል። ከላይ የምታንዣብበው ድሮን ቦምቡ የት እንዳረፈ ታሳየዋለች፤ እሱ አፈሙዙን ትንሽ ያስተካክላል፤ እንደገና ይተኩሳል። ለኤጂኤስ የተሠሩት ትንንሽ ቦምቦችም ከመሣሪያው ተለይተው ከድሮን ላይ በቀጥታ ይጣላሉ። ጎበዝ ክንድ 40 ሜትር የሚወረውራትን ቦምብ ዛሬ በእጅ የምትያዝ በራሪ ኪሎ ሜትሮች ተሸክማ ሰው አናት ላይ ታደርሳለች። ምሽግ ውስጥ የተኛውን ሰው ለማግኘት የተጀመረው ፍለጋ የደረሰው እዚህ ነው።

ሳይፈነዱ የቀሩትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በቬትናም ኳንግ ትሪ ግዛት፣ ጦርነቱ ካበቃ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖትም፣ 40 ሚሊሜትር ቦምቦች ከአፈር ውስጥ እየወጡ ሰው ይገድላሉ። አንዴ ተተኩሳ ያልፈነዳች ቦምብ ትንሽ ንክኪ ይበቃታል፤ ትንሽና ክብ ስለሆነች ደግሞ የልጅ ዓይን ትማርካለች። በአገራችን ሰሜን ክፍልም ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዱ ተተኳሾች ሕፃናትን ገድለዋል፤ አካልም አጉድለዋል። እረኛ ልጅ ያለው፣ ተማሪ ያለው ሁሉ ይንገር፤ ሜዳ ላይ የተገኘ የማያውቁት ብረት አይነካም፣ አይመታም፣ ወደ ቤት አይወሰድም፤ ቦታው ላይ ምልክት ተደርጎ ለሚመለከተው ይነገራል።

የታውቢን መሣሪያ በጀልባ ላይ የተፈተነበት ዲኒፐር ከ2022 ኅዳር ጀምሮ በኸርሶን በኩል የጦር ግንባር ሆኗል። በወንዙ ግራና ቀኝ የተመሸጉት የሩሲያና የዩክሬን ወታደሮች ሁለቱም ኤጂኤስ-17 ታጥቀዋል። ነዳፊው የተማረባት ኦዴሳም ከዚያ ብዙ አትርቅም።