ስንቁን ቋጥሮ የሚጓዝ ፕሮግራም

በጎጃም መራዊ ከተማ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ለማልማት የታቀደ መሆኑ ይታወቃል። ውኃው በበጋ ወራት ለስንዴ፣ ለሽንኩርትና ለድንች በተራ ይከፋፈላል። የተራው ስሌት ሲሳሳት ጉዳቱ የሚደርሰው ከቦዩ ግርጌ ባለው ገበሬ ላይ ነው፤ የላይኛው ማሳ ሲጨቀይ የታችኛው ይሰነጠቃል።

ስሌቱን በፍጥነት ለመሥራት ባለሙያዎች ፓይዘን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎችን (ስክሪፕት) ያዘጋጃሉ። ሆኖም ስክሪፕት ብቻውን ጽሑፍ ነው። የሚያነበው ፓይዘንና ረዳት ፋይሎቹ በማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ከሌሉ አይሠራም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ እነዚህን ማምጣት አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ፕሮግራሙ እንደ መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ፓይኢንስቶለር የተባለው መሣሪያ ስክሪፕቱን፣ ፓይዘኑንና ረዳት ፋይሎቹን በአንድነት ያሽጋል። የታሸገው ፕሮግራም በፍላሽ ተወስዶ ያለ ሌላ ዝግጅት ይከፈታል።

በሥራው ላይ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ማድረግ ያስፈልጋል።

1. በዊንዶውስ የታሸገ ፕሮግራም በሊኑክስ አይሠራም። ፋኦም አኳክሮፕ የተባለውን የሰብልና የውኃ ስሌት ፕሮግራም ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስና ለማክ ለየብቻ ያቀርባል።

2. ከማሸግ በፊት የማኅበሩን ኮምፒውተር ዕድሜ መጠየቅ ይገባል። ፓይዘን 3.9 እና ከዚያ በኋላ የወጡት በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠሩም፤ ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር በ3.8 ማሸግ ያሻል። ለ64 ቢት የታሸገውም በ32 ቢት ዊንዶውስ አይከፈትም።

3. በአንድ ፋይል የታሸገ ፕሮግራም ሲከፈት ስንቁን በጊዜያዊ ማኅደር ይፈታል፤ ሲዘጋም ማኅደሩን ያጠፋል። የተራ መዝገብ እዚያ ከተቀመጠ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገቡ ከፕሮግራሙ ውጭ በራሱ ማኅደር ይቀመጥ።

4. የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ጤነኛውን ፕሮግራም በስሕተት ሊያግድ ይችላል። ሆኖም ከማን እንደመጣ ያልታወቀ ፕሮግራም መክፈት አይገባም።

5. ፕሮግራሙ ሲደርስ በእጅ በተሠራ ስሌት ይፈተሽ። የዕለቱ መነሻ ትነት 4 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ስንዴው በእድገቱ አጋማሽ ላይ ቢገኝ፣ በ1.15 ሲባዛ 4.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ በቀን 46፣ በ10 ቀን 460 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ግማሹ በመንገድና በማሳ የሚባክን ከሆነ 920 ሜትር ኩብ መለቀቅ አለበት። ፕሮግራሙ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ለአዘጋጁ ይመለስ እንጂ ተራ አይደልደልበት።

ፕሮግራሙ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኮሚቴ ጋር ሆኖ ቦዩን እስከ ግርጌው ወርዶ፣ የታሰበው ውኃ በእርግጥ መድረሱን በዓይኑ ማየት ይኖርበታል።