ሊግ ሲቀየር የሥራ አስኪያጁ ሒሳብ

የእግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ከፋይና አሠልጣኝ ቀጣሪ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ክለቡ የሚወዳደርበት ሊግ ሲቀየር ግን ዋናው ሥራው የሚገኘውንና የሚታጣውን ገቢ አመዛዝኖ ለቦርዱ ማቅረብ ነው።

የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ይህ ፈተና የገጠማቸው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ውድድሩን ከፌዴሬሽኑ ተረክቦ የሚመራ፣ ክለቦቹ ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. የቴሌቪዥን መብቱን ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለመልቲቾይስ ሸጠ። ይህ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የኩባንያው ወጪ ሳይነሳለት ለ16 ክለቦች እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 281 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሰዋል።

ሒሳቡ ግን ሌላ ገጽ አለው። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በየክለቡ ሜዳ መካሄዳቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተደረጉ። ክለቦቹ በከተማቸው ያገኙት የነበረው የመግቢያ ገቢ ቀረ፤ የሆቴልና የቀለብ ወጪ ተጨመረ። የሆቴል ገበያውም ወደ አስተናጋጅ ከተሞች ዞረ።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን ሒሳብ የሚሠራው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት የበላዮቹ ናቸው። ሁለት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተሻለ የቴሌቪዥን ገቢ ፓክ 12 የተባለውን ማኅበር ለቅቀው ቢግ ቴን እንደሚገቡ በ2022 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ሌሎችም ተከተሏቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከ12ቱ አባላት የቀሩት 2 ብቻ ነበሩ። የወጡት ቡድኖች ጉዞ ግን ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሆነ።

ነገሩ ለመካነ ሰላም ነጋዴም ሩቅ አይደለም። የከተማ ክለብ ለማቋቋም ወይም ወደ ላይ ለማሳደግ መዋጮ ሲጠየቅ፣ የቴሌቪዥኑ ውል የተፈረመው ለፕሪሚየር ሊጉ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ክለቡ በየእርከኑ ሲያድግ ጉዞው ይረዝማል፣ ደመወዙ ይከብዳል፤ ያ ገንዘብ ግን ይጠብቅ የነበረው የመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ወጪውን የሚሸፍነው የከተማው ኪስ ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሥራ አስኪያጁን ሦስት ቁጥሮች ይጠይቅ፦ የዓመቱ የጉዞና የማረፊያ ወጪ ስንት ነው? በቀጣዩ እርከን የሚጨመረው ደመወዝ ስንት ነው? ቡድኑ ወደ ታች ቢወርድ የሚቀረው ዕዳስ? መልስ ያለው ሥራ አስኪያጅ ክለብ እየመራ ነው፤ መልስ የሌለው ግን መዋጮ እየሰበሰበ ነው።