ካሚዮኑ ቆመ፥ ዘፈኑ ተነሣ

ከድሬዳዋ በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደ ሰው አይሻን ሳያውቃት አይቀርም። ነፋስ በማይለየው ሜዳ ላይ የተቀመጠች የሲቲ ዞን ከተማ ናት። ነፋሷ ዛሬ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ አቧራዋ ግን እንደ ጥንቱ ያለ ቲኬት ይሳፈራል። አቧራውን ያነሣነው በከንቱ አይደለም፤ የምናወራለት ዘፈን ከአይሻ በስተ ምሥራቅ፥ ድንበሩን ተሻግሮ፥ ከዚሁ ዓይነት አቧራ ውስጥ ተወልዷልና።

በዛሬ ጊዜ አንድ ወጣት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን አወጣ ሲባል፥ ነገሩ ብዙ ጊዜ ስለ መለያየት ነው። ልጅቱ ሄደች፥ እሱ ቀረ፥ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደረሰ። አድማጩም «ይኸም እንደነዚያው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ለማለት መብቃት ግን በሱማሌ ቆላ ቀላል አልነበረም።

ሰውየው አብዲ ዴቅሲ ይባላል፤ ሕዝቡ ግን በቅጽል ስሙ አብዲ ሲኒሞ ይለዋል፥ ሲኒማ ማለት ነው። የቦረማ አገር ሰው፥ ሥራውም የካሚዮን ሾፌርነት ነበር። ዘመኑ 1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1943 እስከ 1945 ባለው ጊዜ) ሲሆን፥ ጅጅጋም ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። እንደሚነገረው፥ በዘይላና በቦረማ መካከል ሐባስ ወይን በሚባል ቦታ ካሚዮኑ ተበላሸበት። የቦታው ስም ትርጓሜ «ትልቅ አቧራ» ነው። አብዲ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ፤ ሞተሩ እምቢ አለ። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠና አንጎራጎረ። የዘፈኑ መጥሪያ «ባልዎ» የሚል ቃል ነበር። ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ ሙስሊም ወገኖቻችን «አላህ ከበላ ይጠብቅህ» ሲሉ የሚጠሩት ያው መከራ ነው።

በዘፈኑ ውስጥ ጥፋተኛው መኪናው ነው። እኛ ግን አንድ ጥርጣሬ አለን፤ ለተበላሸ ሞተር ያን ያህል ያለቀሰ ሾፌር አይተን አናውቅም። ከካሚዮኑ ኋላ አንዲት ሰው ተሰውራ እንደ ነበረች እናስባለን። ባልዎ ወዲያው የፍቅር ዘፈን ስም ሆኖ መቅረቱም ይህንኑ ያጠናክርልናል።

ለምን ይሰውራታል? በበርበራ ከተማ ዳቦ ቤት ይሠራ የነበረውን ኢልሚ ቦደሪን ማስታወስ ይበቃል። ኢልሚ ሆዳን የምትባለውን ልጅ ወደደ፤ እሷ ግን ለሌላ ተዳረች። እሱም ስሟን እየጠራ በአደባባይ ገጠመላት። በ1933 ዓ.ም. ገደማ ሲሞት፥ ሱማሌዎች «ፍቅር ገደለው» አሉ፤ ዛሬም ይላሉ። ወንድ ልጅ ስለ ሴት ተብከነከነ መባል ያን ጊዜ ነውር ነበር። ጋበይ የሚባለው ታላቁ የሱማሌ ግጥም ስለ ጦርነት፥ ስለ ካሳ፥ ስለ ግመልና ስለ ጎሣ ክብር የሚነገር፥ አንዳንዴም መቶ ስንኝ የሚያልፍ ነው። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን፥ የነሱ ግን በቃላቱ መነሻ ነው፤ አንድ ጊዜ የተመረጠው ፊደል እስከ መጨረሻው በየስንኙ መመላለስ አለበት። ይህን ጎሣ ሁሉ የሚያዳምጠውን ችሎት የመሰለ ግጥም ይዞ «ተለየችኝ» ማለት፥ በእኛ ግምት፥ ለጉባኤ ቀርቦ ስለ ጥርስ ሕመም እንደ መናገር ነው።

አብዲ ያደረገው ነገር ግጥሙን ማሳጠር ነው። ባልዎ አንድ ወይም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ጭብጨባና ከበሮ ይበቃዋል። የጎሣ ስም የለበትም፤ ስለዚህ የሰማው ሁሉ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። ወደ ጠረፍ ተመድቦ ከእጮኛው የራቀ ወጣት ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ሱማሊኛ ማወቅ አያስፈልገውም። ማጠሩ ደግሞ ለመንገድ ተመቸው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ባቡር ሐዲዱን ትቶ አይሄድም። ካሚዮን ግን ሐዲድ ከሌለበት ይደርሳል፥ ዘፈኑም በየከተማው ከጭነቱ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር።

ሁሉም ደስ አላለውም። ሼሆችና ሽማግሌዎች «ይህ የዋልጌዎች ጨዋታ ነው» ብለው ነቀፉት፤ በግጥምም ያወገዙት ነበሩ። ተወገዘና ይባስ ተስፋፋ። በኋላም አብዱላሂ ቀርሼ የተባለው ሙዚቀኛ ኡድ ጨመረበት። አጭሩ ባልዎ እየተቀጣጠለ ሄሎ የሚባለው ረጅም ዘፈን ሆነና በሐርጌሳ ራዲዮ መሰማት ጀመረ።

ከዚህ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ኸዲጃ ናት። አብራ በመዝፈኗ «ኸዲጃ ባልዎ» ተብላ የቀረች፥ በባልዎ የመጀመሪያዋ ሴት ድምፃዊት ነች። ሆዳን ስሟ በየግጥሙ ሲጠራ ዝም ብላ የኖረች ሴት ናት፤ እሷ ምን ታስብ እንደ ነበር የጠየቃት ገጣሚ አልነበረም። በሄሎ ዘመን ግን ወንዱ አንድ ስንኝ ብሎ ሲያበቃ ሴቲቱ ተራዋን ትቀበለዋለች፤ «ተለየችኝ» ብሎ ሲያማርርም ለምን እንደ ተለየችው እዚያው ፊቱ ቆማ ትነግረዋለች።