እግር ወለም ሲል በረዶ ወይስ ሙቅ?

ራያ ጎብዬ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ልጅ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ጨው ያለበት ሙቅ ውሃና እሽት ነው። እንደ ፊዚዮቴራፒስት ልንገራችሁ፦ በዚያው ቀን ሁለቱም አይሆኑም። ጅማቱ ሲለጠጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ሙቀት ወደ ቦታው የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር እብጠቱ ይብሳል።

ቅዝቃዜ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል። በራያ ቆላ በረዶ ከየት ይመጣል አትበሉኝ፤ ፍሪጅ ያለው ሱቅ የሃይላንድ ውሃ ያቀዘቅዝላችኋል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት። ያለ ጨርቅ ግን በረዶም ቆዳ ይጎዳል።

በረዶንም ቢሆን አናምልከው። በ1978 እ.ኤ.አ. «እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን መመሪያ ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው፣ ከዓመታት በኋላ በረዶ ፈውስን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ ሕመም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አድርጋችሁ አትዩት።

የሙቅ ፎጣ ተራ እብጠቱ ሲጎድል፣ ከ3ኛው ቀን ወዲያ ነው። ለተጨማደደ ጡንቻና ለቆየ ሕመም እኔም እመርጠዋለሁ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመመው ግን ወጌሻ ሳይነካው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።